የሱራያ ተራ

ውድ ዋሲላ፣

ይህን ወረቀት በእጅሽ የሰጡሽን ሴት ሳታውቂያቸው አትቀሪም። አማቴ እማማ ሻድሊያ ናቸው፤ በብርዱ ወራት ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ አንድ ቀን አብረውሽ የተቀመጡት። መጀመሪያ አስቀምጪያቸውና ውኃ ስጫቸው። ዕድሜ ልካቸውን ባሕርን ከሩቅ ነው የሚያውቁት፤ ወደ ደሴታችሁ የሚያመጣቸው ፌሪ ሆዳቸውን ገልብጦት እንደሚደርሱ ከወዲሁ ይታየኛል። አንቺ አንብበሽ እስክትጨርሺ ድረስ አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ አስምዬአቸዋለሁ። ይህ ለእሳቸው ከባሕሩ የባሰ ፈተና ነውና ቶሎ ቶሎ አንብቢ። ዓሣ እንዳትጠቀልይበት ደግሞ። በሞቴ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። አንድ ቀን ባልሽ ነጂብ አነሳልኝ። «ዋሲላ አታናግርም» አለኝ። ለምን ብለው፣ «የልጇን ለቅሶ አትችልም። የልጅቷን የእግር ጄሶ ያወለቀችው ራሷ ናት፤ ሐኪሙ በሰው ፊት ነገራት። ሐኪም ለምን ይዋሻል?» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ስልካችሁ ጠፍቷል። ስልኩን ግድግዳ ላይ ልከሰክሰው ነበር፤ የሪዳ ስልክ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ባሌ ሌላ መግዛት አቅቶት ሳይሆን፣ ጩኸቱን ስለማልችለው ነው። ያን ቀን ግን የከፋኝ ነጂብ ስለዘጋብኝ አይደለም። አንቺ በገዛ ቤትሽ ውስጥም እንደማትታመኚ ስለገባኝ ነው። ያ ነገር ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ ብዙ ከረመ።

የተዋወቅንበትን ማክሰኞ ታስታውሻለሽ? «ልጆቹን አስርባችሁ አምጡ፤ ጄሶው ሲታሰር ጡት ይዘው ዝም እንዲሉ» ተብለን፣ ያ ሁሉ የተራበ ሕፃን ባንድነት ሲያለቅስ የእናቶች ጡት በልብሳቸው ላይ ይፈስ ነበር። አንቺ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠሽ ልጅሽን ሱራያን በወፍራም ጋቢ እስከ አገጭዋ ጠቅልለሻል። «ምን ደብቀሽ ነው?» አልኩሽ። ቀና ሳትይ፣ «ዓሣ» አልሽኝ። ቦርሳሽ የደረቀ ኦክቶፐስ ይሸት ስለነበር አመንኩሽ። ደግሞም እንዳመንኩሽ ገባሽና መጀመሪያ ከንፈርሽ፣ ቀጥሎ ትከሻሽ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስትስቂ ያየሁሽ ያን ጊዜ ነው። «ያንቺ ስንት እግር ነው?» አልሽኝ፣ እንደ በግ ገበያ። «አንድ» አልኩ። «የኔ ሁለት፤ በለጥኩሽ» አልሽ። ከዚያ ልጄን ሙዔዝን ገልጠሽ አየሽውና፣ «ዓሣ ከክፉ ዓይን ይጠብቀው» ብለሽ እንደ አገራችን ወግ መረቅሽልኝ። ልጄ ከተወለደ ጀምሮ እግሩን አይቶ ከንፈሩን ያልመጠጠ፣ ከቤታችን ውጪ የመጀመሪያው ሰው አንቺ ነበርሽ።

ደሴቲቱ ላይ ጎረቤት እንዳያይብሽ «ጉንፋን ይዟታል» እያልሽ እንደምትጠቀልያት ነገርሽኝ። እናትሽ «ሴት ልጅ ባትሆን ምን ነበር፤ ማን ያገባታል?» ማለታቸውንም ነገርሽኝ። እኔም የባሌን አክስቶች ነገር ነገርኩሽ። ነፍሰ ጡር ሆኜ ሠርግ ላይ እግሬን አጣምሬ ስለተቀመጥኩ ነው አሉኝ፤ የልጄ እግር የቆለመመው። «እናንተስ ምን ላይ ተቀምጣችሁ ነው ልጆቻችሁ ምላሳቸው የቆለመመው?» አልኳቸው፤ እስከ ዛሬ አኩርፈውኛል። ዶክተር ሙንሲፍ ግን የማንም ጥፋት አይደለም ብሎ በግልጽ ነገረን፣ ይህን አልክድበትም። በየሳምንቱ እግሩን በእጁ ትንሽ ወደ መንገዱ እየመለሰ፣ በመለሰው ልክ ጄሶ ያስርበታል። የወይራ ችግኝ በእንጨት እየተደገፈ እንደሚቃናው ማለት ነው። ቀላል ነው፤ ብቻ የታሰረው እንዳለ መቆየት አለበት።

እማማ ሻድሊያ አብረውኝ የመጡት ሦስተኛው ጄሶ ሲታሰር ይመስለኛል። እኔ ሙዔዝን ይዤ ስገባ አንቺ ጋ ትቻቸው ገባሁ። ስወጣ በዘይት ስለሚለወሰው የቆሎ ዱቄት፣ ስለ በሲሳ አሠራር እየተከራከራችሁ አገኘኋችሁ። እሳቸው ገብሱ ይበልጣል ይላሉ፣ አንቺ ሽምብራው። ከቦርሳሽ የጠርሙስ አንገት ብቅ ብሎ አይቻለሁ፤ ወይራ መጭመቂያው ገና መሥራት የጀመረበት ጊዜ ነበርና አዲስ ዘይት ሰጡሽ ብዬ ደስ አለኝ። እኛ ቤት እንግዳ ያለ ዘይት አይሸኝም። ሌላ ነገር አላሰብኩም፤ ማንስ ያስባል?

ከዚያ ማክሰኞ በኋላ የሱራያ ጄሶ መንሸራተት ጀመረ። መጀመሪያ ጣቶቿ ወደ ውስጥ ገብተው መጣሽ። ዶክተሩ ፊቱን አጨፍግጎ እንደገና አሰረው። በሚቀጥለው ሳምንት ጄሶው ከጭኗ ወርዶ ነበር። «ፈታሽው?» አለሽ። «አልነካሁትም ዶክተር» አልሽ። በሦስተኛው ግን ተረከዟ ቆስሎ መጣሽ። በሩን እንኳ ሳይዘጋ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ማሳከም ካልፈለግሽ ተራሽን ለሌላ ልቀቂ። የምታወልቂው አንቺ ነሽ፣ የሚቆስለው እሷ ናት» አለሽ። ኮሪደሩ በሙሉ ሰማ። እኔ ተነስቼ «አልነካሁም እያለች ነው እኮ» ብለው፣ «ታዲያ ጄሶ በራሱ እግር ይሄዳል?» አለኝ። ልጅሽን በዚያው ጋቢ ጠቅልለሽ፣ እግሯ ባዶውን፣ ወጥተሽ ሄድሽ። ተከትዬሽ በር ላይ ብደርስም ቀና ብለሽ አላየሽኝም። ፌሪው ሊሄድ ነው አልሽኝ። የሚሄድበት ሰዓት ገና ነበር።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ከመስኮቱ ሥር ጠበቅኩሽ። ከዚያ በኋላም በነበሩት ማክሰኞዎች።

የኛ ነገር ወደፊት ሄደ። የሙዔዝን የተረከዝ ጅማት ትንሽ ቆርጠው ለቀቁለት፤ የመጨረሻው ጄሶ ወለቀና ሁለቱን ጫማዎች መሐላቸው ባለው ብረት አያይዘው አለበሱት። ከመታጠቢያው ሰዓት በቀር ቀንም ሌሊትም አይወልቅም አሉን። ያኔ የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ወደ ስፌት ፋብሪካው ተመለስኩ፤ ቀን ቀን ከእማማ ሻድሊያ ጋር ይውላል። ብዙም ሳይቆይ ማታ ስመለስ አንዱ ጫማ ወልቆ ማግኘት ጀመርኩ። ማሰሪያውን አጠበቅኩ፤ እንደገና ወለቀ። ተረከዙ ውኃ ቋጠረ። «ልጁ ብልጥ ነው፤ እንዳባቱ ከሥራ ማምለጥ ያውቃል» ብዬ ሳቅኩበት። ዶክተር ሙንሲፍ ግን አልሳቀም። መነጽሩን ከፍ አድርጎ፣ «ታወልቂዋለሽ አይደል?» አለኝ።

ዋሲላ፣ ያን ጊዜ ፊቴ እንዴት እንደነደደ አንቺ ታውቂዋለሽ። «አልነካሁትም» አልኩ፤ የራስሽን ቃል ባንቺው ድምፅ ስናገር ሰማሁት። ከበሩ ስወጣ የተቀመጡት እናቶች ሁሉ የጫማቸውን ጫፍ ያዩ ነበር።

ጉዳዩ የተፈታው በመብራት መጥፋት ነው። በዚያ ሙቀት ፋብሪካው ቀጥ አለና ከቀትር በኋላ ወደ ቤት ሰደዱን። ስገባ እማማ ሻድሊያ ምንጣፉ ላይ እግራቸውን ዘርግተዋል፤ ሙዔዝ ጭናቸው ላይ ተኝቷል። ብረቱና ጫማዎቹ ጥግ ተቀምጠዋል። የልጄ እግር ከጉልበቱ እስከ ጣቱ በዘይት ያበራል። በአውራ ጣታቸው የውስጥ እግሩን እየደፈጠጡ «ቢስሚላህ» ይላሉ።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ዝም በይ፣ እንዳታነቂው። እግሩን እያለሰለስኩለት ነው።»

«ጫማው ለምን ወለቀ?»

«ታዲያ ዘይቱን ጫማው ላይ ላፍስሰው? መልሼ አስርለታለሁ። ሁልጊዜ መልሼ አስርለታለሁ።»

ሁልጊዜ ሲሉ ቦርሳዬ ከእጄ ወደቀ። «እማማ፣ ዶክተሩ ከጫማው እንዳይወጣ አላለም? የተቀባ እግር እኮ ያሙለጨልጫል።»

«ዶክተርሽ ከተማ ያደገ ነው። የበር ማጠፊያ ዘይት ካልነካው ይጮኻል፤ የልጅ አጥንት ከበር ያንሳል? ብረት አሰሩበት፤ ብረቱን ማን ያለስልሰው?» አሉና እንደ ድል ነሺ ፈገግ አሉብኝ። ቀጥለውም እንዲህ አሉ፤ «ያቺ የደሴቷ ልጅ እንኳ ካንቺ ትሻላለች፤ ምክር ትሰማለች።»

«የትኛዋ የደሴት ልጅ?»

«ዋሲላ ናታ። አንጀቴን በልታኝ አንድ ጠርሙስ ሰጠኋት። በጄሶው አፍ በኩል ጠብ ጠብ አድርጊላት፤ ደረቅ ጄሶ የሕፃን ገላ ይበላል አልኳት። እሺ እማማ ብላ እጄን ሳመችኝ።»

ጫማዬን ሳላወልቅ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። የሱራያ ጄሶ ለምን እንደወረደ፣ ጣቶቿ ለምን እንደገቡ፣ ተረከዟ ለምን እንደቆሰለ ባንድ ጊዜ ገባኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኛ ግን ጠርጣሪውም ተጠርጣሪውም አብረን ተመነጠርን። አንቺን ሰደቡሽ፣ ዘይቱን የጠረጠረው የለም።

አንቺ አልዋሸሽም፤ ይህን በደንብ አድርጌ ልጽፈው እፈልጋለሁ። ጄሶውን አልፈታሽውም። ዘይቱን ስለ መቀባትሽ ያልተናገርሽውም ስለደበቅሽ አይደለም። እኛ አገር ዘይት ለጆሮ ሕመም ነው፣ ለደረት ነው፣ ለፀጉር ነው፣ ለዳቦ ነው፤ ማን ለሐኪም «ዛሬ ተነፈስኩ» ብሎ ይናገራል? የታላቅ ሰው ምክር ሰማሽ፤ ጥፋትሽ እሱ ከሆነ እኔ ያንን ጥፋት በደስታ እሸከመዋለሁ።

ለእማማ ሻድሊያ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። መጀመሪያ አላመኑኝም። ሙዔዝን አንስቼ ጫማውን አለበስኩትና «ይሳቡት» አልኳቸው። ገና ሲነኩት ተረከዙ ሹልክ ብሎ ወጣ። እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን አዩት። ከዚያ ተነስተው በሳሙና ታጠቡ፣ አደረቁ፣ ደግመው ታጠቡ።

«ያቺን ልጅ ሰደቧት?» አሉኝ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ።

«በሰው ሁሉ ፊት።»

«እኔ ባፈሰስኩት?»

ተናድጄባቸው ነበር፤ አሁንም ሙሉ ለሙሉ አልበረደልኝም። ግን ዋሲላ፣ እኒህ ሴት የልጄን እግር በባሌ አክስቶች ፊት ገልጠው የሳሙ ሴት ናቸው። ከፍቅር የመጣ ጥፋት ጥፋት አይደለም አልልሽም፤ ቁስል ቁስል ነው። ብቻ ስትፈርጂ ይህንንም አስቢው።

ማክሰኞ ክሊኒክ አብሬሽ ካልሄድኩ አሉ። እዚያ ስንደርስ ወንበር እንኳ ሳይፈልጉ ቀጥ ብለው ወደ በሩ ሄዱ። «እማማ፣ ተራ አለ» አሏቸው እናቶቹ። «እኔ ጥፋተኛ ነኝ፤ ጥፋተኛ ተራ አይጠብቅም» ብለው ገቡ። ተከትዬ ስደርስ ዶክተሩ ፊት ቆመዋል። «ዘይቱን በጄሶው ውስጥ ያስፈሰስኩት እኔ ነኝ። አንተ የሰደብከው ግን ሌላ ሰው ነው። ሰድበህ ካልጨረስክ ይኸው፣ እኔን ስደበኝ» ይሉታል።

ዶክተር ሙንሲፍ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «አወለቅሽው አልኳት እንጂ ምን ቀባሽው ብዬ አልጠየቅኳትም» አለ። ይቅርታ የሚለውን ቃል አልተናገረም፤ ላንቺ ራሱ ይበልሽ። ከዚያ ስለ ሱራያ ጠየቀኝ። «መቆም ጀምራለች?» አላውቅም አልኩት፤ ይህን ስል እንባዬ መጣ። «ከመቆሟ በፊት ብትመጣ ይሻላል። ቆማም ከሆነ ትምጣ። እንደ አዲስ እንጀምራለን፤ አልረፈደም። የሷ እግር ለስላሳ ነበር፣ አስታውሰዋለሁ» አለ። አሁን በሩ ላይ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ «ዘይት ነክቶታል?» እያለ ይጠይቃል። መጀመሪያ የጠየቀ ቀን ግማሹ ኮሪደር አንገቱን ደፋ። ብቻሽን አልነበርሽም፤ ብቻሽን የተሰደብሽው አንቺ ነበርሽ እንጂ።

አላታልልሽም፤ መንገዱ ረጅም ነው። ጄሶው እንደገና ነው፣ ጅማቱም አለ፣ ከዚያም ጫማው። ቀን ቀን ከተወለቀ በኋላም ለመኝታ ዓመታት ይለበሳል። ሙዔዝ መጀመሪያ ሲለብሰው እስኪለምድ አስለቅሶኛል። አሁን ግን በብረቱ የአልጋውን እንጨት ይደበድብበታል፤ ድመቷ ከቤታችን ሸሽታ ጎረቤት ገብታለች። በቀደም ካጠብኩት በኋላ ወገቡን ይዤ ንጣፉ ላይ አቆምኩት። ሳነሳው እርጥብ ዱካው ቀረ። ጣቶቹም፣ ተረከዙም፣ ሙሉ እግር። ዱካው እስኪደርቅ ቁጭ ብዬ አየሁት። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ወዲያው ግን አንቺ ትዝ አልሽኝ፤ የሱራያ ሁለት እግር ትዝ አለኝ። «በለጥኩሽ» ያልሽኝ ሁለት ዱካ ገና አልታተመም።

ይህን ሁሉ ለነጂብ አንብቢለት፤ ጮክ ብለሽ፣ ወንዶቹ መረብ ሲጠግኑ በሚቀመጡበት ቦታ ብታነቢለት ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል። ሐኪም አይዋሽም፤ ይሳሳታል ግን። ሚስቱ አልዋሸችም። ካላመነ እማማ ሻድሊያን ይጠይቃቸው፤ ከመሐላቸው ከተፈቱ በኋላ ማስቆም የሚችላቸው ካገኘ።

ቦርሳቸውን ፈትሼዋለሁ፤ ጠርሙስ የለም። ያለው ሙዔዝን የጠበበው የመጀመሪያ ጫማና ብረቱ ነው። ለሱራያ ከጄሶው በኋላ ይሆናታል ብለው ያመጡት እሳቸው ናቸው። ቅባት እንዳይቀርበት ብለው ሲፈትጉት የቆዳው ቀለም ጠፍቷል፤ እንዳትታዘቢን።

ማክሰኞ ጠዋት ከመስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ቦርሳዬን አስቀምጣለሁ፤ የሚቀመጥበት ሰው ካለ ይሞክረኝ። ሱራያን አስርበሽ አምጫት። ካልመጣሽ እማማ ሻድሊያ አይመለሱም፤ «ሁለቱን ይዤ ካልሆነ ፌሪው ላይ አልወጣም» ብለውኛል፣ እኔም አምኛቸዋለሁ። ወጥ ቤትሽ ገብተው በሲሳሽን በገብስ ሲለውጡት ያኔ ታያለሽ።

እንግዲህ ጨርሻለሁ፣ የኔ እኅት። ሱራያን ስመሽ አቅፊያትና ቀና ብለሽ እያቸው። መሐላቸው አልቋል፤ ይናገሩ በያቸው።

ተራሽን የያዘችልሽ፣
ኦልፋ